የክፉ ቀን አርባ

የካቲት 3

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሥራ ገባሁ። ዘጠኙም ማመንጫ ጣቢያዎች በየተራ ደወሉ፤ ዘጠኙም እንደተለመደው አለቀሱ። የግድቡ ውሃ ወርዷል፣ ማሽኑ ያንኮራፋል፣ መለዋወጫ አልመጣም... የሰጡኝን ደመርኩ። አገሩ ከሚፈልገው ላይ ቀነስኩ። የዛሬው እጥረት ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ሜጋ ዋት። እላዩ ላይ የራሴን አርባ ጣል አደረግሁ፤ ለክፉ ቀን። አለቃችን ደግሞ የራሱን ሠላሳ አምስት ጨመረና ሦስት መቶ አሥር ብሎ በላይ ላሉት ላከው። «ጨምርበት» የሚል ስም ያወጣንለት ዝም ብለን አይደለም።

ከሰዓት በኋላ የፈረቃ ሰሌዳ። የትኛው ሰፈር መቼ ይጠፋል... ለሁሉም በቀን ሦስት ሰዓት። ለእኛም ሰፈር ሦስት። እጄ ቅንጣት አላመነታም። ውሸት። ትንሽ አመነታ።

ቤት ስደርስ እማዬ ደጃፍ ላይ ሽንኩርት ትልጣለች። ከጓሮ የመምህሩ ድምፅ ይሰማል፤ «ከሰባት ላይ አሥር አይቀነስም ያለህ ማነው?» ይላል፤ ልጆቹ ይስቃሉ። የኋላዋን ክፍል ካከራየነው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከድንበር ማዶ ሸሽቶ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ። የሰፈሩን ሰባት ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ሰብስቦ ያስተምራል። ጥቁር ሰሌዳው አሮጌ በር ነው፤ ቀለም የቀባችለት እማዬ ናት።

የካቲት 5

ምንም የለም። ሁሉም መስመር ሰላም። ሰላም ሲሆን ለምንድነው መዝገቡን ደጋግሜ የማየው?

የካቲት 9

ዛሬ ከውጭ ጉዳይ አንድ ሰው መጣ። መቆጣጠሪያ ክፍላችን እንደ ምድጃ ይግላል፤ ማቀዝቀዣውን ያጠፋነው ራሳችን ነን፣ ለአርአያነት ተብሎ። ሰውየው ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል፣ ክራቫቱን ግን አልፈታም። ጨምርበት ስብሰባ ላይ ስለነበር ወደ እኔ ላኩት።

ሦስት መቶ አሥር የሚለውን ወረቀት አወጣ። «ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ያሳዩኝ» አለ። ካርታውን፣ ጣቢያዎቹን፣ የጠዋቱን መዝገብ አሳየሁት። የራሴን አርባ አላሳየሁትም። ማን ያሳያል?

ከዚያ እሱ ማውራት ጀመረ። የደከመው ይመስላል። ጎረቤት አገር ኤሌክትሪክ ልትሸጥልን ነው። ሁለት መቶ ሜጋ ዋት ከወሰድን ሁለት ነገር ትፈልጋለች፤ በጋራ ሐይቃችን ጉዳይ ጉባኤ ላይ ዝም እንድንል፣ ድንበር ላይ ሆኖ እሷን የሚነቅፈውን ሬዲዮ ጣቢያ እንድንዘጋ። ሦስት መቶ ከወሰድን ግን ሦስተኛ ነገር አለ። ከሷ ሸሽተው እኛ ጋ የገቡ አርባ አንድ ሰዎች ተይዘው እንዲመለሱ።

«ዝም ማለቱን እንችልበታለን፤ ኖረንበታል» አለ። እኔ ሳቅሁ፣ እሱ አልሳቀም። «ሦስተኛው ግን... ዝርዝሩን አይቼዋለሁ። ነርስ አለ፣ ሰዓት ጠጋኝ አለ፣ የሒሳብ አስተማሪ አለ። ቁጥሩ ሦስት መቶ አሥር ከሆነ ሌላ መንገድ የለኝም። እፈርማለሁ።»

ከሄደ በኋላ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ሦስቴ ውሃ ልጠጣ ወጣሁ፤ ሦስቴም ሳልጠጣ ተመለስኩ። ስንት የሒሳብ አስተማሪ አለ? ሌላ ሊሆን ይችላል... ማንን ነው የማታልለው?

የካቲት 10

መምህሩን በዘወርዋራ ጠየቅሁት። ምን አጥፍተው ነው የወጡት? በሁለት ዓመት ጠይቀነው አናውቅም፤ እማዬ ነውር ነው ትላለች።

ምርጫ ነበር አለኝ። ድምፅ ቆጣሪ አድርገው መደቡት፣ ሒሳብ ያውቃል ብለው። ሌሎቹ ምን እንደሚጽፉ ቀድሞ ተነግሯቸዋል። እሱ ዘንድ የመጣ ሰው የለም፤ የረሱት ይመስለዋል። የቆጠረውን ጻፈ። ይኸው ነው፣ ሌላ ታሪክ የለኝም አለ። እንደ ይቅርታ ነገር ፈገግ አለ።

ልነግረው አፌ ድረስ መጣ። የሥራ ምስጢር ነው። ምስጢሩን ባወጣስ ምን እንዲያደርግ ነው? ሌላ ድንበር እንዲሻገር? ጉልበቱን እያመመው ከሰርቪስ ቤቱ እስከ ግቢው በር ለመድረስ አንዴ ያርፋል።

የእኔ ጭማሪ አርባ። የጨምርበት ሠላሳ አምስት። በድምሩ ሰባ አምስት። ከሦስት መቶ አሥር ላይ ሲነሳ ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ይቀራል። አሁንም ከሁለት መቶ በላይ ነው። አይበቃም... ጣቢያዎቹስ? እኔ ደብቄ እነሱ አይደብቁም?

የካቲት 11

ዛሬ ዘጠኙንም ራሴ ደወልኩላቸው። እንደ ንስሐ አባት። «ለራሴ ብቻ ነው የምፈልገው፣ ስንት ደብቀሃል?» አልኩ። አንደኛው ተቆጣ። አንደኛው ሳቀና ስምንት አለ። አንዷ «አምስት፣ ግን ብትናገሪብኝ አይቼሽ አላውቅም» አለችኝ።

ትልቁ ግድብ ላይ ያሉት ሽማግሌ ግን ወሬ አስቀየሩኝ። ሠላሳ ዓመት እዚያ ናቸው። መጨረሻ ላይ ሃያ እንደያዙ አመኑ። «ልጄ፣ ያለውን ሁሉ የተናገረ ጣቢያ አይበረክትም» አሉኝ። «ማሽን ይሰማል።»

ደመርኩት። አርባ አምስት። ሁለቴ ደመርኩት፣ ከዚያ በጣቴ። እውነተኛው እጥረት መቶ ዘጠና ነው። መቶ ዘጠና!

እያንዳንዳችን በየቤታችን ለክፉ ቀን ትንሽ ትንሽ ሸሸግን። ማንም ክፉ አላሰበም። ተደምሮ አርባ አንድ ሰው ሆነ። መናደዴ ይሁን መደሰቴ አላውቅም።

የካቲት 13

ጨምርበት ጋ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ሁሉንም ነገርኩት፣ የራሴን አርባ ጭምር።

አልተቆጣም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። የሱን ሠላሳ አምስት የጨመረበትን ዓመት ያስታውሳል፤ ሆስፒታል ውስጥ መብራት ጠፍቶ አለቃው ከሥራ የተባረረበት ዓመት ነው። ትርፍ ይዞ የተባረረ ሰው አይቶ አያውቅም። ባዶ እጁን ተገኝቶ የተባረረ ግን አይቷል። እውነቱን ነው።

ስለ መምህሩም ስነግረው አከራዬ ነው ልል ስል... ተከራዬ ነው አልኩት። ጭንቅላቴ እንደዚህ ሆኗል። ቤቴ ከአርባ አንዱ አንዱ አለ አልኩት።

መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከዚያ፣ «ቁጥሩን ጽፈሽ አምጪ። እኔም እፈርምበታለሁ። ግን አንድ ነገር ቢሰበር ከእንግዲህ የምንሸፈንበት ብርድ ልብስ የለንም። ገብቶሻል?»

ገብቶኛል አልኩ። ገብቶኝ ነበር?

የካቲት 14

መቶ ዘጠና። ተፈረመ፣ ተላከ። ምሳዬን ሁለት ሰው የሚያጠግብ በላሁ።

የካቲት 25

ሬዲዮው ተናገረ። ከጎረቤት አገር ጋር ስምምነት፤ ሁለት መቶ ሜጋ ዋት። ስለ ሦስተኛው ነገር አንድም ቃል የለም። ክራቫት ያለው ሰውዬ ከሰዓት በኋላ ደወለና «አመሰግናለሁ» ብቻ ብሎ ዘጋ።

ሁለቱን ግን ሰጥተናል። የድንበሩ ሬዲዮ ካሁን በኋላ አይናገርም፤ እዚያ የሚሠሩት ስንት ነበሩ? ለነሱ ማን ቁጥር ቀነሰላቸው... ዛሬ ይህን ማሰብ አልፈልግም።

እማዬ ምን አግኝተሽ ነው ጥርስሽ የማይከደነው አለችኝ።

መጋቢት 4

ፈረቃ ቀረ። ሳምንት ሙሉ መብራት ሳይጠፋ ዋለ። የበር ጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ ይሰማል። መንታ ልጆቿ መምህሩ ጋ ናቸው። ሰዉ ሁሉ ጤናማ ሆኗል፤ የሰፈሩ ጸጉር አስተካካይ እንኳ ሰላምታ ይሰጣል።

በእጃችን ያለው ትርፍ አሥር ሜጋ ዋት ነው። አሥር! በዚህ ሁሉ አገር ላይ። በቀን መቶ ጊዜ ስክሪኑን አያለሁ።

መጋቢት 12

ትልቁ ግድብ ማመንጨት አቆመ። ሁለቱም ማሽኖች ተበላሹ፣ በአንድ ቀን። አምስት መቶ ሜጋ ዋት። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ካርታው ቀላ፤ የከተማውን ግማሽ በገዛ እጄ ቆረጥኩ፣ ሌላው እንዳይከተል።

ሽማግሌው ደወሉ። አላልኩሽም ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። «እንደምን ነሽ ልጄ?» ብቻ ነው ያሉት። ይሄኔ አለቀስኩ።

መለዋወጫው በመርከብ ነው የሚመጣው። ስድስት ሳምንት።

መጋቢት 13

ጨምርበትን መሸሽ ሞከርኩ፤ ኮሪደር ላይ አገኘኝ። የደበቅነው ሁሉ ቢኖር እንኳ አምስት መቶ አይሞላም ነበር አለ፣ ሊያጽናናኝ። ከዚያ፣ ሦስት መቶ ገዝተን ቢሆን ግን... አለና ተወው። የተወውን ሌሊቱን ሙሉ እኔ ጨረስኩት።

መጋቢት 17

የክራቫቱ ሰውዬ ደወለ። በላይ ያሉት ጎረቤት አገርን ተጨማሪ ጠይቀዋል። እነዚያም የፈለጋችሁትን ያህል ውሰዱ፣ ሦስተኛው ነገር ይምጣ ብለዋል። እኛ ስናመነታ ደግሞ በሁለት መቶው መስመር ላይ ድንገት «ጥገና» ገባበት። ጥገና! እኔ የማላውቀው ጥገና።

እጥረቱ አሁን ስንት ነው፣ እውነቱን አለኝ። እውነቱን ነገርኩት፤ ስድስት መቶ ዘጠና። ባለፈው እውነት መናገሩ እንዴት ቀሎኝ ነበር...

ያለ እነሱ መቆየት ይቻላል ወይ አለ። ሰሌዳውን ሠራሁት። በቀን ሰባት ሰዓት ካጠፋን ይቻላል፤ ስድስት ሳምንት። አገሩ አይፈርስም።

«ሕዝቡስ ይችላል?»

«እኔ የማውቀው ሰሌዳውን ነው» አልኩት።

በላይ ያሉት እየጠበቁ ናቸው አለ። ሰፈሮች ዝም ካሉ አይፈርሙም። ጩኸት ከተነሳ ግን በማግስቱ ይፈርማሉ። ለካስ አገር ከአገር ጋር የሚነጋገረው በየሰፈሩ ሰው ትዕግሥት ነው። እኔ ደግሞ ሞኟ፣ በሜጋ ዋት ይመስለኝ ነበር።

መጋቢት 19

ሰባት ሰዓት። ለሁሉም። ለእኛም ሰባት። ዛሬ እጄ አመነታ፣ ግን አልቀየርኩትም።

መጋቢት 22

የጎረቤት አገር ቃል አቀባይ በሬዲዮ። «ለአርባ አንድ ወንጀለኞች ሲሉ ሕዝባቸውን በጨለማ አስቀመጡ።»

አሁን ሰው ሁሉ አወቀ። አርባ አንዱ እነማን እንደሆኑ ስም አልጠራም፤ የእኛ ሰፈር ግን ስም አያስፈልገውም። ዓይኑ ወደ ጓሯችን ዞረ።

መጋቢት 24

ልብስ ሰፊዋን ከእማዬ ጋር በር ላይ ቆማ አገኘኋት። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተኮናትራ ቀኑ አልፎባታል። መኪናዋ በእግር አይሠራም። ዓይኗ ደም መስሏል። «እናቴ፣ ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም። እሱ አንድ ነው፣ እኛ ስንት ነን?» ትላለች።

እማዬ ወደ ጓሮው ዞር ብላ አየች።

ያቺ ሴትዮ ክፉ አይደለችም። ያስጠላኝም ይኸው ነው። ክፉ ብትሆን እሰድባት ነበር፣ ይወጣልኝ ነበር።

መጋቢት 26

መንታዎቹ አልመጡም። ከሰባቱ ሁለት ጎደሉ።

መጋቢት 27

ማንም አልመጣም። መምህሩ ግን ሰዓቱ ሲደርስ በር ሰሌዳው ላይ የዕለቱን ጥያቄ ጻፈ። ተቀምጦ ጠበቀ። ከዚያ ራሱ ሠራው።

መጋቢት 29

ሻንጣውን ሲያዘጋጅ እማዬ አየችው። ሥራ ላይ ደወለችልኝ፤ በሥራ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም። ፈቃድ ለምኜ በረርኩ።

እጁን ሊሰጥ ነው። ራሱ ሄዶ፣ ድንበር ላይ። ለእኔ ያስረዳኛል ደግሞ፣ እንደ ተማሪው! አርባ አንድ በአንድ ወገን፣ ሚሊዮኖች በሌላ ወገን፤ ሒሳብ ለሚያስተምር ሰው ከባድ ጥያቄ አይደለም ይላል። ጮህኩበት። በሁለት ዓመት ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌበት አላውቅም። እርስዎ ቢሄዱ አርባው ምን ይሆናል? እሱ ራሱ መጣ፣ እናንተስ ይባላሉ እኮ! አልኩት።

ይህን አላሰበውም ነበር። ቁጭ አለ። እስከ ሰኞ ላስብበት አለ።

የምነግረው ብዙ ነበረኝ። አልነገርኩትም። በሰፈሩ እኔ «ቢሮ የምትሠራዋ» ነኝ፤ ከእማዬ በቀር የሚያውቅ የለም፣ እሱም አያውቅም። የመቆጣጠሪያ ክፍል ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው፤ አንዱ ባልደረባችን ለጎረቤት አውርቶ የመስኮቱ መስታወት በድንጋይ ረገፈ። የሱ መስኮት ከረገፈ ወዲህ ሁላችንም ቢሮ ነን። ዝም ስል ምስጢር ጠባቂ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ፈሪ ነኝ እንጂ።

ሚያዝያ 1

መጡ። ከሥራ ስመለስ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች በራችን ላይ። የሚጮህ የለም፤ ይሄ ነው ያስፈራኝ። ጸጉር አስተካካዩ ነው የሚናገረው። ሰውየው ሌላ ሰፈር ይሂድ፣ ይኸው ነው የምንለው ይላል። የሌላው ሰፈር ሰውስ? ሌላ ሰፈር ይላል። እንዲህ እየተገፋ ድንበር ይደርሳል። ነገ ደግሞ ሌላ ሰፈር ይሰበሰባል፣ ከነገ ወዲያ አደባባይ ላይ፣ በላይ ያሉትም ይሰማሉ...

መምህሩ ሻንጣውን ይዞ ከጓሮ ወጣ። እማዬ ክንዱን ይዛ ትጎትተዋለች።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። አስቤ ያደረግሁት ነው ብል ውሸት ነው።

«መብራቱን የማጠፋው እኔ ነኝ» አልኩ።

አልገባቸውም። ደገምኩት። «ቢሮ ነው የምሠራው ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። የፈረቃ ሰሌዳውን የምጽፈው በዚህ እጄ ነው። ትንሽ ነው የጎደለን፣ ትንሽ ይበቃናል ብዬ ለመንግሥት የጻፍኩትም እኔ ነኝ። እሱ አንድ አምፖል አላጠፋም። ጠብ ያለው ከኔ ጋር ይጣላ።»

ዳቦ ጋጋሪው ወደፊት መጣ። ባለፈው ማክሰኞ ሊጡ የተበላሸበት? እኔ ነኝ አልኩ። ጸጉር አስተካካዩ፣ የደንበኛ ጸጉር ግማሽ ላይ የቀረበት ዕለትስ? እኔ። አንዲት እናት፣ ልጄ ለፈተና የሚያጠናበት ሳምንት? እኔ። እየመጡ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጨለማ ጠየቁኝ። ለሁሉም እኔ፣ እኔ፣ እኔ።

ልብስ ሰፊዋ መጨረሻ ላይ መጣች። በጣም ቀረብ ብላ አየችኝ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሻማ ስትበደሪኝ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አንድ ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልሄደም። አንዲት ሴት ረገመችኝ፣ እስከ ልጅ ልጄ። ልጅ የለኝም። ከዚያ ተበተኑ፤ አንዳንዶቹ ትከሻዬን ገፋ እያደረጉ። መምህሩንና ሻንጣውን ዞሮ ያየ የለም።

እማዬ ደረጃው ላይ አስቀመጠችኝና ውሃ አመጣችልኝ። «እብድ» አለችኝ፣ ጸጉሬን እየዳሰሰች።

ሚያዝያ 2

ጨምርበት ሰምቷል። በሌላ መንገድ ተመላለሺ አለኝ። ሌላ መንገድ የለም አልኩት፤ ሰፈሩ አንድ መግቢያ ነው ያለው።

ማታ ራት ላይ ለመምህሩ ሁሉንም ነገርኩት። አርባውን፣ ሠላሳ አምስቱን፣ መቶ ዘጠናውን። ሹካውን አስቀምጦ ሰማኝ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ሁለቴ ደምረሽዋል ወይ? ሁለቴ፣ ከዚያ በጣቴ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ እንደ አስተማሪ።

ሚያዝያ 7

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የክራቫቱ ሰውዬ ደወለ። መልሳችን ዛሬ ሄዷል አለ። ሦስተኛው ነገር አይሆንም ብለናል፣ በጽሑፍ። ሰፈሮቹ ዝም ብለዋል አለ፤ ምን እንደያዛቸው ግን አልገባውም። እኔም ምን እንደያዛቸው አላውቅም። የእኛ ሰፈር የሚረግመው ሰው በእጁ ስላለ ይሆናል። ስለ ሌላው ሰፈር አላውቅም። ማሽኖቹ እስኪጠገኑ ገና ሃያ ቀን አለ፤ ሃያ ቀን በሰባት ሰዓት።

ደስ አለኝ? አዎ። እንቅልፍ ግን አልተመለሰልኝም። የድንበሩ ሬዲዮ አሁንም ዝግ ነው።

ከሥራ ስመለስ የግቢያችን በር ላይ በትልልቁ በጠመኔ ተጽፏል፤ «ጨለማ የምታበላን ሴትዮ እዚህ ናት»። ከታች ሌላ ሰው ደግሞ የማልጽፈውን ነገር ጨምሮበታል። እማዬ ልታጥበው ውሃና ጨርቅ ይዛ ወጣች። ተዪው አልኳት። ካጠብነው ነገ ሌላ ቦታ ይጽፉታል።

መምህሩ ከጓሮ እያነከሰ መጣ። ቆሞ አነበበው፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች ያለውንም።

«ይሄ ለእኔ የተዘጋጀ ነበር» አለ።

«መምህር፣ ይግቡ። መንታዎቹ ከጓሮ እየጠሩዎት ነው» አልኩት።

ገባ።